ከ30 ቀን ወደ 10 ቀን፦ የዋሽንግተን ዲሲ ተከራይና የከተማው ምክር ቤት

በዋሽንግተን ዲሲ ኪራይ ያልከፈለ ሰው ከመከሰሱ በፊት ከአከራዩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊደርሰው ይገባል። ከኮቪድ ወዲህ ማስጠንቀቂያው 30 ቀን ነበር። የከተማው ምክር ቤት በሴፕቴምበር 2025 ያጸደቀው፣ ሬንታል አክት የተባለው ማሻሻያ ግን ወደ 10 ቀን አወረደው። በምግብ ቤት፣ በሆቴል፣ በፓርኪንግ የሚሠራ ሰው ደመወዙን በአብዛኛው የሚያገኘው በየሁለት ሳምንቱ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ቢያንስ ሁለት ደመወዝ ይገባለታል። በ10 ቀን ውስጥ አንድም ላይገባ ይችላል። ምክር ቤቱ ለወራት ሲከራከርበት የቆየው ጉዳይ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ቤተሰብ ሲተረጎም ይህ ነው።

የአከራዮቹ ስሞታ መሠረት ነበረው። ከወረርሽኙ በኋላ ውዝፍ ኪራይ ተከምሯል፤ ከሁሉም በላይ የተጎዱት ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቤት የሚያከራዩ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ናቸው። ኪራይ ካልገባ የባንክ ዕዳ አይከፈልም፣ ቦይለርና አሳንሰር አይጠገንም። የአስቸኳይ የኪራይ እርዳታ ማመልከቻ ያስገባ ተከራይ ላይ የተያዘው ክስ ማመልከቻው እስኪታይ ይቆም ስለነበር፣ እርዳታው በዘገየ ቁጥር ዕዳው እያበጠ ይሄድ ነበር። ምክር ቤቱ በኦክቶበር 2024 ባወጣው አስቸኳይ ሕግ ይህ እግድ ወዲያውኑ ከማመልከቻው ጋር እንዳይመጣ አደረገ። እዚህ ድረስ ውሳኔው ምክንያታዊ ነው። ሆኖም መዘግየቱ የነበረው በእርዳታ ቢሮውና በፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ላይ ነው። የተቆረጠው ግን ተከራዩ ገንዘብ የሚያሰባስብበት፣ ዘመድ የሚጠይቅበት፣ ከአከራዩ ጋር የክፍያ ውል የሚዋዋልበት ጊዜ ነው። ምክር ቤቱ ያሳጠረው የተሳሳተውን ጫፍ ነው ብለን እናምናለን።

ማስጠንቀቂያው ለደረሰው ሰው ግን አሁንም በእጁ የቀሩ ነገሮች አሉ። ዕዳው ከ600 ዶላር በታች ከሆነ ባልተከፈለ ኪራይ የማስለቀቅ ክስ ሊመሠረትበት አይችልም። የማዘግየት ቅጣት ከወር ኪራዩ 5 በመቶ ሊበልጥ አይችልም፤ መጠየቅ የሚጀምረውም ክፍያው 5 ቀን ካለፈው በኋላ ነው። አከራይ ቁልፍ መቀየር፣ መብራት ማቋረጥ፣ ዕቃ ማውጣት አይችልም፤ ማስለቀቅ የሚፈጸመው ከፍርድ ቤት ትእዛዝ በኋላ በፌዴራል ማርሻሎች ብቻ ነው። ጉዳዩ ያልተከፈለ ኪራይ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ማርሻሎቹ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ሙሉ ዕዳውንና የፍርድ ቤቱን ወጪ የከፈለ ተከራይ ቤቱን ያድናል። እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት ግማሹን ከፍሎ ዳንኩ ብሎ መተኛት ነው። ግማሽ ክፍያ ክሱን አያቆመውም።

ዲሲ ራሷን የሰብዓዊ መብት ከተማ ብላ የሰየመችው በ2008 በምክር ቤቷ ውሳኔ ነው፤ በአሜሪካም የመጀመሪያዋ ነበረች። ስያሜው ግን በራሱ የቤት መብት አላመጣም። በቂ መኖሪያ የማግኘት መብትን የያዘውን የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አሜሪካ በ1977 ብትፈርመውም እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም። ኢትዮጵያ በ1993 ተቀብላዋለች። ዲሲ ውስጥ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚጠየቅ መጠለያ ያለው በከፋ አየር ጊዜ ነው፤ ነፋሱን ወይም ወበቁን ጨምሮ ሙቀቱ ከ32 ፋራናይት ሲወርድ ወይም ከ95 ሲበልጥ ከተማዋ ቤት የሌለውን ሰው የማስጠለል ግዴታ አለባት። ከዚያ ውጭ ያለው መብት በብዙ ትናንሽ ሕጎች ተበታትኖ የሚገኝ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ የቀን ቆጠራ አለው።

ከእነዚህ ሁሉ ጠንካራው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ የሊዝ ጊዜ ማለቅ ለማስለቀቅ ምክንያት አይሆንም። የአንድ ዓመቱ ውል ሲያልቅ ኪራዩን በአግባቡ የሚከፍል ተከራይ በወር በወር መኖሩን ይቀጥላል። አከራዩ ሊያስወጣው የሚችለው በሕጉ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች በአንዱ ነው። ለምሳሌ ራሱ ሊኖርበት የፈለገ ግለሰብ የ90 ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለበት፤ ውል ተጣሰ የሚል ደግሞ ጥፋቱን የማረሚያ 30 ቀን መስጠት አለበት። ሕንፃው መሸጡ ወይም ባንክ መውረሱ ብቻውን ተከራይን አያስወጣም። “ሊዝህ አልቋል፣ በወሩ መጨረሻ ልቀቅ” የሚል ደብዳቤ ደርሷቸው ዕቃ ጠቅልለው የወጡ ሰዎች ሊያጡት የማይገባ ቤት ነው ያጡት።

የኪራይ ቁጥጥሩ የተመሠረተው በ1985 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ሕግ ላይ ነው። ቁጥጥር ባለበት ቤት ኪራይ የሚጨመረው በ12 ወር አንዴ ሲሆን ጣሪያው የዋጋ ግሽበት ላይ 2 በመቶ ተደምሮ የሚመጣው ነው፤ ያም ከ10 በመቶ አይበልጥም። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ከተመዘገቡ 2 በመቶው አይደመርባቸውም፣ ጣሪያቸውም 5 በመቶ ነው። ግሽበቱ 3 በመቶ ቢሆን 1,800 ዶላር ኪራይ ወደ 1,890 ይወጣል፤ የተመዘገበ አረጋዊ ግን 1,854 ይከፍላል። ይህ ቅናሽ በራሱ አይመጣም፣ ቅጽ ተሞልቶ መጠየቅ አለበት። በ2023 ቀመሩ 8.9 በመቶ ሲያወጣ ምክር ቤቱ ጣልቃ ገብቶ ለዚያ ዓመት 6 በመቶ፣ ለዚያና ለተከታዩ ዓመት በድምሩ 12 በመቶ ላይ አቆመው። ቀመሩ ለጤነኛ ጊዜ እንጂ ለግሽበት ዘመን እንዳልተሠራ ያን ጊዜ ታየ።

ቁጥጥሩ የሚያፈስበት ቀዳዳም አለ። ከ1975 በኋላ የግንባታ ፈቃድ ያገኙ ሕንፃዎች በጠቅላላ ነፃ ናቸው። በዲሲ ውስጥ ከአራት የማይበልጥ ቤት የሚያከራይ ግለሰብም ነፃ ነው። ቤዝመንቱን የሚያከራየው ሐበሻ ባለቤትም እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ግን ነፃ መሆኑን በከተማው የኪራይ ቤቶች ክፍል ካላስመዘገበ ቤቱ ቁጥጥር እንዳለበት ሊቆጠርና የጨመረውን እንዲመልስ ሊገደድ ይችላል። ተከራይ ሲለቅም ኪራዩ ይዘላል፦ የወጣው ሰው ከ10 ዓመት በታች የኖረ ከሆነ እስከ 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 20 በመቶ።

ትልቁ ቀዳዳ ግን የ70 በመቶ ስምምነት የሚባለው ነው። አከራይና ከተከራዮቹ 70 በመቶው ከተስማሙ ከጣሪያው በላይ መጨመር ይቻላል። በተግባር ነባር ተከራዮች ጭማሪው እነሱን እንዳይነካ ይደረግና ፊርማቸውን ይሰጣሉ፤ ሸክሙ የሚወድቀው ነገ በሚገባው ሰው ላይ ነው። ነባሩ አልተጎዳም፤ ግን አንድ ቤት ከተመጣጣኝ ዋጋ ዝርዝር ለዘላለም ወጣ። ምክር ቤቱ ይህን በር ሊዘጋው ይገባል።

የከተማዋን ድንበር ሲሻገሩ ሕጉ ሌላ ነው። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንጎመሪ ካውንቲ በ2023 ያጸደቀው የኪራይ ጣሪያ ግሽበት ላይ 3 በመቶ ተደምሮ ከ6 በመቶ ሳያልፍ ነው፤ 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎች ነፃ ናቸው። በአሌክሳንድሪያ ደግሞ ቨርጂኒያ የኪራይ ቁጥጥር ስለሌላት ጣሪያ የሚባል ነገር የለም። ከዲሲ ኪራይ ሸሽቶ የወጣ ቤተሰብ ከዲሲ መብትም አብሮ እንደሚወጣ ማስላት አለበት።

አሁን “ተመጣጣኝ” ወደሚለው ቃል እንምጣ፤ በምክር ቤቱ ክርክር ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው እሱ ነውና። ተመጣጣኝ የሚባለው የአካባቢው መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ ተወስዶ ነው። ይህ ቁጥር ግን የዲሲ ብቻ አይደለም፤ ፌርፋክስን፣ ላውደንን፣ ሞንጎመሪን የመሳሰሉ ሀብታም ካውንቲዎችን ይጨምራል። በ2024 ለአራት ሰው ቤተሰብ 154,700 ዶላር ነበር። የሁለት ሰው ቤተሰብ ከዚህ 80 በመቶው ይወሰድለታል፣ 123,760 ዶላር ማለት ነው።

አንድ ልጅ የምታሳድግ እናት በዚያው ዓመት የዲሲ ዝቅተኛ ደመወዝ በሆነው በሰዓት 17.50 ዶላር ሙሉ ጊዜ ብትሠራ በዓመት 36,400 ዶላር ታገኛለች። ይህም ከመካከለኛው ገቢ 30 በመቶ፣ ማለትም ከ37,128 በታች ነው። አዲስ ሕንፃ ሲሠራ የግዴታ የሚለዩት የኪራይ ቤቶች ግን የሚተመኑት ለ60 በመቶ ገቢ ነው፤ ለሁለት ሰው 74,256 ዶላር። ቤት ከገቢ 30 በመቶ ይውሰድ በሚለው ስሌት የዚያ ኪራይ በወር ወደ 1,856 ዶላር ይደርሳል። የእናቲቱ ደመወዝ ከታክስ በፊት በወር 3,033 ነው። “ተመጣጣኝ” የተባለው ቤት ከገቢዋ 61 በመቶውን ይወስዳል። ለእሷ የሚመጥነው ኪራይ 910 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለቱም ቤቶች በምክር ቤቱ ሪፖርት በአንድ ቃል ይጠራሉ። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል “500 ተመጣጣኝ ቤት” ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ “በስንት በመቶ?” የሚለው መሆን አለበት።

እነዚህ በአዳዲስ ሕንፃዎች የሚለዩት ቤቶች በአጠቃላይ 10 ወይም ከዚያ በላይ መኖሪያ ባለው ግንባታ ላይ ከ8 እስከ 10 በመቶ ገደማ ናቸው። የሚሰጡት በዕጣ ነው። አመልካች መጀመሪያ ከተማዋ ከምትደግፋቸው ድርጅቶች በአንዱ ገለጻ ይወስዳል፣ የምስክር ወረቀት ያገኛል፣ ከዚያ ይመዘገባል፤ በዲሲ ለሚኖር ወይም ለሚሠራ ቅድሚያ ይሰጣል። ሰው የሚወድቀው በዕጣው ብቻ አይደለም። ስልክና ኢሜይል ቀይሮ ሳያሳውቅ የተጠራበት ቀን ያልፈዋል። ወይም በቤቱ ያለውን የአዋቂ ልጅ ወይም የወንድም ገቢ ሳይጽፍ ቀርቶ ሰነዱ ሲመረመር ይጣላል፤ የሚቆጠረው የቤቱ አዋቂዎች ሁሉ ገቢ ነው። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ ሰው ደግሞ ገቢውን የሚያሳየው በታክስ ማመልከቻው ነውና፣ ታክሱን ያላስገባ ዓመት የቤት ዕድሉንም ይዞበት ይሄዳል።

ለእናቲቱ ገቢ የሚሆን ቤት መሥራት ለምን ይከብዳል? ከተማዋ ለዚህ ያላት ዋና መሣሪያ በ1988 የተቋቋመው የቤቶች ግንባታ ፈንድ ነው። ከንብረት ሽያጭና ምዝገባ ታክስ 15 በመቶው ይገባበታል፤ ግማሹ ገንዘብ ከ30 በመቶ በታች ላሉ ቤተሰቦች መዋል እንዳለበት ሕጉ ያዛል። ይህ ድርሻ ያልተሟላባቸው ዓመታት እንዳሉ የከተማዋ ኦዲተር አሳይቷል። ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ፈንዱ የሚሸፍነው ግንባታውን ነው፤ 910 ዶላር ኪራይ ግን ለኢንሹራንስ፣ ለጥገና፣ ለውሃና ለሠራተኛ ደመወዝ አይበቃም። ስለዚህ ገንቢው ከግንባታው ብድር ጋር ለዓመታት የሚዘልቅ የኪራይ ድጎማ ካልተያዘለት ለ30 በመቶው አይወዳደርም። ሁለቱ ገንዘቦች በጀት ውስጥ በተለያየ መስመር ይጻፋሉ፤ አንዱ ጨምሮ ሌላው ሲቀር ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል። የከተማዋ የቤቶች ባለሥልጣን የመንግሥት ቤትና የኪራይ ቫውቸር የመጠባበቂያ ዝርዝሩን በኤፕሪል 2013 ሲዘጋ በላዩ ወደ 70,000 ስም ነበር።

ቫውቸር፣ ማለትም ከኪራዩ የተወሰነውን መንግሥት የሚከፍልበት ድጎማ፣ ያገኘ ሰው ጉዳይ ደግሞ በቀጥታ የሚገናኘው ከሰብዓዊ መብት ሕጉ ጋር ነው። የ1977ቱ የዲሲ ሰብዓዊ መብት ሕግ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ ሀገር እንደሚከለክለው ሁሉ በገቢ ምንጭም አድልዎን ይከለክላል፤ ቫውቸር የገቢ ምንጭ ነው። “ቫውቸር አንቀበልም” ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ ዛሬ ጥቂት ነው፤ እምቢታው መልኩን ቀይሯል። የኪራዩን ሦስት እጥፍ ገቢ አምጣ ይላሉ፣ ተከራዩ ከራሱ የሚከፍለው 300 ዶላር ብቻ ሆኖ ሳለ። ፍተሻ አልደረሰም፣ አለቃችን የለም እያሉ የቫውቸሩን ማብቂያ ቀን ያሳልፋሉ። በ2022 የዲሲ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ እንዲህ ያለ አድልዎ ፈጽመዋል የተባሉ አከራዮችን በ10 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ክሱን እንዲዘጉ አድርጓል። ተከራዩ ለከተማው የሰብዓዊ መብት ቢሮ አቤቱታ የሚያቀርበው በ1 ዓመት ውስጥ ነው፤ ማስረጃው የጽሑፍ መልእክት ነው። በስልክ የተባለውን “እንዳልከኝ ከሆነ ቫውቸር አትቀበሉም” ብሎ በኢሜይል መልሶ መላክ ብዙ ክርክርን ያሳጥራል።

ሌላው ቀን የሚቆጠርበት በ1980 የወጣውና በአጭሩ ቶፓ የሚባለው ሕግ ነው። ባለቤቱ ሕንፃውን ሲሸጥ ተከራዮቹ ቅድሚያ የመግዛት ዕድል ይሰጣቸዋል። ሕጉ በዘረጋው ሰሌዳ አምስትና ከዚያ በላይ መኖሪያ ባለው ሕንፃ ማኅበር አቋቁሞ ለማስመዝገብ 45 ቀን፣ ለመደራደር ቢያንስ 120 ቀን አለ፤ ማኅበሩ ከነዋሪ ቤተሰቦች አብዛኛውን መወከል አለበት። ተከራዮች ይህን መብት ለገንቢ ማስተላለፍም ይችላሉ፤ በምላሹ የኪራይ ጣሪያ፣ የጥገና ግዴታ ወይም ገንዘብ ይደራደራሉ። የአንድ ቤተሰብ ነጠላ ቤቶች በ2018 ከሕጉ ወጥተዋል፤ የ2025ቱ ማሻሻያ ደግሞ አዳዲስ ሕንፃዎችን ለ15 ዓመት ነፃ አድርጓል። የምክር ቤቱ መከራከሪያ ባለሀብት ዲሲን ሸሽቶ ወደ ጎረቤት ካውንቲ እየሄደ ነው የሚል ነበር። ባልተነካው በአሮጌው ሕንፃ ግን አደጋው ሌላ ነው፦ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ማስታወቂያ መስሎ ይጣላል፣ 45ቱ ቀን ያልቃል። ወይም አንድ ሰው በየበሩ እየዞረ 1,000 ዶላር ይዞ ያስፈርማል፤ የተፈረመው ወረቀት ሙሉ መብቱን ያስተላልፋል። ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት ለከተማዋ የተከራዮች ጠበቃ ቢሮ መደወል ከዚህ ያድናል።

አማርኛ የሚናገር ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ የተለየ መሣሪያ አለው። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች በመሥሪያ ቤቱ ከሚገለገሉት ሰዎች 500 ወይም 3 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ከሞሉ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን እንዲተረጉሙ ያስገድዳል፤ አማርኛ በዚህ መስፈርት ከገቡት ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለማንኛውም ቋንቋ ተናጋሪ ደግሞ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። የኪራይ እርዳታ ቢሮ ልጅሽን አምጪና ታስተርጉምልሽ ሊል አይችልም፤ ካለ ለሰብዓዊ መብት ቢሮው አቤቱታ ይቀርብበታል። ፍርድ ቤትም በነፃ አስተርጓሚ ያቀርባል። ሕጉ የማይደርሰው የግል አከራዩ ጋ ነው፤ ሊዙንም ሆነ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያውን በአማርኛ እንዲጽፍ አያስገድደውም። ቀኑ አጥሮ ቋንቋው እንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ ከ10ሩ ቀን ሦስቱ ወይም አራቱ የሚያነብ ሰው በመፈለግ ያልቃሉ። ማስጠንቀቂያው ላይ በአማርኛ ሁለት መስመር፣ “ይህ የማስለቀቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዚህ ቁጥር በነፃ እርዳታ ይጠይቁ” የሚል እንዲጨመር ማዘዝ ለምክር ቤቱ ከባድ አይደለም።

ይህን ለመጠየቅ መንገዱ ይታወቃል። ምክር ቤቱ 13 አባላት አሉት፤ ስምንቱ ከየዎርዱ፣ አምስቱ ሊቀመንበሩን ጨምሮ ከመላው ከተማ የተመረጡ ናቸው። ረቂቅ በኮሚቴ ይደመጣል፣ ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ወደ ከንቲባው ይሄዳል፣ ከዚያ በኮንግረስ ፊት 30 የኮንግረስ የሥራ ቀን ይቆያል። አስቸኳይ ሕግ ግን 9 ድምፅ ካገኘ ኮንግረስን ሳይጠብቅ ይሠራል፣ ለ90 ቀን። በኮሚቴው ችሎት ማንኛውም ነዋሪ በቅድሚያ ተመዝግቦ ለጥቂት ደቂቃ ሊናገር ይችላል፤ በአማርኛ ለመናገር ቀደም ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል የምትታለፍ አንዲት ሐረግ አለች። ገንዘብ የሚጠይቁ ሕጎች ብዙ ጊዜ “በበጀት እስኪያዝ ድረስ ተፈጻሚ አይሆንም” ተብለው ይጸድቃሉ። ጋዜጣው ሕጉ ጸደቀ ይላል፣ ቢሮው ግን ለዓመታት ሥራ ላይ አያውለውም። ረቂቁ ላይ ያ ሐረግ ካለ፣ ለሕጉ የሚመሰክር ሰው በፀደይ ወራት በሚደረገው የበጀት ችሎትም ተገኝቶ የገንዘቡ መስመር የት እንዳለ ስም ጠርቶ መጠየቅ አለበት።